በጡት የተቆጠረ

እትዬ ሐረግ ከሰው ጋር ሲተዋወቁ ስም አይጠይቁም፤ የአያት ስም ነው የሚጠይቁት። መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ በአዋላጅ ነርስነት በተመደብኩበት ሰሞን፣ ደም ግፊታቸውን ልለካ ክንዳቸውን ስጠቀልል የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። እሱስ የማን ነው አሉኝ። መሣሪያውን እየነፋሁ ቆጠርኩላቸው፤ አምስተኛው ላይ ስደርስ ጠፋኝ። እሳቸው ከዚያ ተቀብለው ሁለት ጨመሩና በእናቴ በኩል ዞረው በስድስት ቤት ዘመዳቸው መሆኔን አበሰሩኝ። ወንድ ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ ለእኔ እንደማይድሩልኝም ነገሩኝ። ያልጠየቅሁትን ባል አስቀድሞ የከለከለኝ ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ስንት እንደለካሁ ረስቼ እንደገና ለመንፋት ተገደድኩ።

የእትዬ ሐረግ ሥራ ዘር መቁጠር ነበር። ደሞዝ የለው፣ ቢሮ የለው። ግን በወሎ ቦረና ደጋ ልጅ ሊያጋባ ያሰበ ክርስቲያን ቤተሰብ ቀን ከመቁረጡ በፊት በእሳቸው ደጅ ሳያልፍ አይቀርም። የሴቲቱን ወገን በግራ እጃቸው፣ የወንዱን በቀኝ እጃቸው ይይዛሉ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት። እስከ ሰባት ቤት ድረስ በሁለቱም እጅ ላይ አንድ ሰው ካልተገኘ «ጠርቷል» ይላሉ። ከተገኘ ቀሚሳቸውን አራግፈው ይነሣሉ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ስማቸው ሐረግ በመሆኑ እኛ ወጣቶቹ እንቀልድባቸው ነበር። እሳቸው ግን በዚህ አይሥቁም፤ ያን ሁሉ ሰው በራሳቸው ውስጥ ይዘው ሲዞሩ አንድ ፊደል አይጽፉም ነበር።

ጨካኝ ነበሩ ልበል? እኔ እላለሁ። የጎረቤቴ ልጅ፣ በዛች የምትባለው፣ ጠላው ተጠንስሶ፣ ዳሱ ሊጣል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ሠርጓ የፈረሰው። የሙሽራው አያት የጡት ልጅ ነበሩ። ልጅ ያልወለደ ሰው የሌላውን ልጅ ሲወስድ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ በምስክር ፊት ያጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ በእሱ ስም ይጠራል፣ እሱን ይወርሳል፣ የእሱ ዘር ነው። ብዙ ቆጣሪ እንዲህ ያለውን ሰው ያጠባው ቤት ላይ ቆጥሮ ያልፋል። እትዬ ሐረግ ግን በጡቱም በሥጋውም ቆጠሩና በሥጋው በኩል አምስተኛው ቤት ላይ ከበዛች ወገን ጋር አገናኙት። ሽማግሎቹ ቢለምኗቸው፣ ማር ያጠባው ሰው ደሙን አይለውጠውም ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በዛች ዐረብ አገር ሄደች፤ እዚያው ቀረች።

አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፣ ብዙዬ የምትባል። በግብርና ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያያት የምታፍር። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷት ጠያቂ ጠፍቶ ነበር፤ እናትዋ ዘር ቆጣሪ የሆነችን ልጅ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? በመጨረሻ እንዳልካቸው የሚባል የወግዲ ሰው ሽማግሌ ላከ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር፣ የማይጠጣ፣ በእግሩ ሲሄድ እንኳን መሬቱን እንዳይጎዳው የሚጠነቀቅ የሚመስል ሰው ነው። እትዬ ሐረግ በሽማግሌ ፊት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆጠሩ። ከወትሮው ቶሎ ጨረሱ። «ጠርቷል» አሉ፤ እኛም እልል አልን።

ኪዳንን ያዋለድኩት እኔ ነኝ። ጥቅምት 2007 ዓ.ም. ነው። ምጡ ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ቀትር ቆየ። ሲወለድ አላለቀሰም። አፍንጫውን አጸዳሁ፣ ጀርባውን አሸሁ፣ በማስተንፈሻው ፊኛ አየር ሰጠሁት፤ ሁለት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ሆኖ ቆይቶ አለቀሰ። እትዬ ሐረግ እጄን ስመው መረቁኝ። ያቺን ሁለት ደቂቃ በመዝገቡ ላይ ጻፍኳት፤ ኋላ በስንት ሌሊትና ቀን እንደማስባት ያኔ አላወቅሁም።

አራት ወር ሲሞላው አንገቱ አልጸና አለ። በስድስት ወሩም ያው። እጁን ስታነሣው እንደ እርጥብ ጨርቅ ይወርዳል። ጠዋት ሲነቃ ግን ደህና ነው፤ ይሥቃል፣ በዓይኑ ሰው ይከተላል። ከቀትር በኋላ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀልና ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት እዚያው ይቀራል፤ ላቡ ይወርዳል፣ ያለቅሳል፤ ቢጠሩት አይመለስም። የሚጥል በሽታ ነው ብለን መድኃኒት ሰጠነው፤ እንቅልፍ ከማብዛት በቀር የፈየደው የለም። ጠበል ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። እትዬ ሐረግ ከጭናቸው አያወርዱትም ነበር። ራሱን በመዳፋቸው ደግፈው የወገኖቹን ስም በጆሮው ይቆጥሩለታል፤ ኪዳን እንዳልካቸው፣ እንዳልካቸው አለምነው፣ አለምነው ደሳለው፤ ይሥቅላቸው ነበር።

መጋቢት 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ የምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ከውጭ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ለሦስት ቀን እንደሚመጡ፣ እንዲህ ያሉ ልጆችን ማየት እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ብዙዬና እንዳልካቸው ከሥራ ፈቃድ አላገኙም። ኪዳንን እትዬ ሐረግ አዝለው፣ እኔ ካርዱን ይዤ በደሴ በኩል ሄድን።

የሐኪሞቹ አለቃ ዶክተር ሙሐሲን የደሴ ልጅ ነው። ለዓመታት በሰው አገር አንጎል ሲከፍት ኖሮ ንግግሩ አልተለወጠም። «አፊያ ነዎት እማማ?» ሲላቸው እትዬ ሐረግ ወዲያው የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፤ እኔ አፈርኩ፣ እሱ ሥቆ አራት ቤት ቆጠረላቸው። ኪዳንን አገላብጦ አየው። ዓይኑ ሲሰቀል በስልኬ የቀረጽኩትን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ጠዋት ይሻለዋል ወይ? ያልበዋል ወይ? ሁሉንም አዎ አልነው።

ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ አስረዳን። አንጎል እጅና እግርን የሚያዝበት አንድ ቅመም አለ። ቅመሙ የሚሠራው በትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ ጂን ይባላል። አንዱን ቅጂ ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወስዳለን፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል። ሁለቱም ተበላሽተው የመጡለት ልጅ ግን እንዲህ ይሆናል። እሱና ባልደረቦቹ ደህናውን ትእዛዝ ክፋቱ በወጣለት ቫይረስ ላይ ጭነው፣ ራስ ቅል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው፣ በቀጭን ቱቦ ቅመሙ በሚሠራበት ቦታ ላይ ጠብ የሚያደርጉበትን ሕክምና እየሞከሩ ነው። ገና ጥናት ነው፤ ጥቂት ልጆች ብቻ ናቸው የገቡት። ከእነሱ ውስጥ አንገታቸውን ያቀኑ አሉ።

እትዬ ሐረግ ሁሉንም ሰሙ። ዘሩን ትለውጡታላችሁ ማለት ነው ወይ አሉት። ዘሩን ሳይሆን በዘር የመጣችውን አንዲት ስሕተት ነው አላቸው። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣና ጠየቃቸው፤

«እናትና አባቱ ይዛመዳሉ?»

«ሰባት ቤት ጠርቷል» አሉት። «እኔው ነኝ የቆጠርኩት።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሮ አወላለዱን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሁለቱን ደቂቃ ሳልደብቅ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። በሦስቱ ቀን አሥራ አንድ ልጅ አይተዋል፤ ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ያገኙት ግን የሦስት ልጅ ደም ብቻ ነው። በሽታው እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚገኝ ስለሆነ ወላጆቻቸው የሚዛመዱትን ያስቀድማሉ። ኪዳን ሲወለድ አየር አጥሮት አንጎሉ ተጎድቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ለዚያ ደግሞ የእነሱ ሕክምና እንደማይሆን በትሕትና ነገረን። ስልክ ቁጥሩን ጻፈልኝ፤ ሌላውን ልጅ አስገባ።

ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ አቀስታ፣ ሁለት እጄን ሳይ መጣሁ። አየር አጥሮት የሚለው ቃል በእኔ እጅ ላይ ነው የወደቀው። በመስኮቱ የማየው ነገር አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የማን አያት እንደሆኑ ሳስብ ልቀርባቸው ፈራሁ። ፊኛውን ቶሎ ብይዝ ኖሮ፣ ብዙዬን ጠዋቱኑ ወደ ደሴ ብልካት ኖሮ እያልኩ ዐሥር ጊዜ አዋለድኩት።

አቀስታ ለምሳ ቆምን። ሾፌራችን አሕመድኑር ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ ብሎ ጎማውን ሊያይ ወረደ። ነፋሱ አጥንት የሚገባ ነበር፤ ሻይ ቤት ገብተን በሩ አጠገብ ተቀመጥን። ጾም ነው፤ እትዬ ሐረግ ሻይ ብቻ አዘው ለኪዳን ወተት በማንኪያ ይሰጡት ጀመር። ሳያዩኝ ስሜን ጠርተው ተናገሩ።

«የሻለም፣ ያ ሐኪም የጠየቀኝ በጡት ነው በሥጋ?»

አልገባኝም። ይዛመዳሉ ወይ ነው ያለዎት አልኳቸው።

«በጡት አይዛመዱም» አሉ።

ማንኪያውን አስቀምጠው፣ በዚያችው ቀዝቃዛ ሻይ ቤት፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ብዙዬ የሐረግ ናት፣ ሐረግ የአባቷ፣ አባቷ የተገኝ። እንዳልካቸው የአለምነው ነው፣ አለምነው የደሳለው። ደሳለውን ያጠባው አንድ የወግዲ ሰው ነው፤ በእሱ ስም ተጠርቶ፣ የእሱን መሬት አርሶ፣ የእሱ ልጅ ሆኖ ሞተ። የወለደው ግን ተገኝ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ ነው የተሰጠው፤ የእትዬ ሐረግ አባት ታናሽ ወንድም ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ከእሳቸው በቀር በሕይወት የለም። ሁለቱ አውራ ጣቶቻቸው ሦስተኛው አንጓ ላይ ቆመዋል።

በሦስት ቤት። ለበዛች አምስተኛውን ቤት ያላለፉላት ሴት ለልጃቸው ሦስተኛውን ዘለሉ።

ተናደድኩ። ከንዴቱ በታች ደግሞ ደስታ ነበር፤ አሁንም ስናገረው አፍራለሁ። እንግዲያው በእኔ እጅ አይደለም ማለት ነው ብዬ ነው የመጀመሪያው ነገር ያሰብኩት፤ ልጁን አይደለም ያሰብኩት። ለምን ለሐኪሙ አልነገሩትም አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ የሻይ ቤቷ ባለቤት ዞረች።

«ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ ነበረች» አሉኝ። «በሽማግሌ ፊት ጠርቷል ካልኩ በኋላ ሌላ ቃል አላውቅም። ደግሞም የልጄ ትዳር ነው።»

ስልኩን እዚያው አውጥቼ ደወልኩ። ተዘግቷል። ዶክተር ሙሐሲን የዚያን ቀን ጠዋት በአውሮፕላን ሄዷል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የልጁም የሁለቱም ወላጆች ደም ያስፈልጋል፤ ለዚያ አዲስ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ፣ ጊዜ ይፈጃል አለኝ። ስምንት ወር ፈጀ። በመሐሉ የስልክ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ የሚልክልኝ ወረቀት አይደርሰኝም። ኪዳን ሁለት ዓመት አልፎት አሁንም ራሱን በሰው መዳፍ ላይ ያሳርፋል። ኅዳር 2009 ዓ.ም. አሕመድኑር የደም መውሰጃ ካርዶቹን ከደሴ በፖስታ አምጥቶ ጤና ጣቢያ ድረስ ሰጠኝ። ለማን እንደሆነ ያውቃል፤ «አላህ አፊያውን ይስጠው» ብሎ ሂሳብ አልቀበልም አለ።

ከአንድ ጣት ሁለት ጠብታ ደም ካርዱ ላይ ማንጠብጠብ ነው የሚፈለገው። ግን ወላጆቹ ለምን ብለው ሲጠይቁ መንገር አለ። እትዬ ሐረግ እኔው ነኝ የምነግራቸው አሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ብዙዬ ልጁን አቅፋለች፣ እንዳልካቸው ጫማውን እያወለቀ ነው። በሽማግሌ ፊት እንዳደረጉት እጃቸውን ዘርግተው ከታች ወደ ላይ ቆጠሩላቸው፤ ዛሬ ቀስ ብለው፣ ደሳለው ላይ ሲደርሱ ተገኝን ጠሩት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት።

እንዳልካቸው የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሁለት ጊዜ ማስረዳት አላስፈለገም።

«ያኔ ሲቆጥሩ ያውቁ ነበር?» አላቸው።

«አውቅ ነበር።»

ብዙዬ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠግታ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ባሏን አየች፤ ሁለቱም ዘመዶቿ ናቸው። እንዳልካቸው የፈታውን ጫማ መልሶ አሰረ። ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዶ ጠየቀ፤ እሳቸውም ነገሩን ከበላይ አባቶች እስክጠይቅ ለየብቻ ቆዩ አሉት። ሰኞ ዕለት ወደ ወግዲ፣ እናቱ ቤት ሄደ። የብዙዬንና የኪዳንን ደም ወሰድኩ። የአባትየው ካርድ ባዶውን እጄ ላይ ቀረ።

ወግዲ የሄድኩት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እናቱ ደጅ ላይ፣ የገብስ ክምር አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ሳልጨርስ ጣቱን ዘረጋልኝ። እየወጋሁት አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ሲስተር፣ በሽታው የለበትም ካሉ፣ እኔና ብዙዬ አንዛመድም ማለት ይሆናል?»

ምን ልበለው? ምርመራው የሚያየው የልጁን ሕመም እንጂ ዝምድናን አይደለም፤ ሳይዛመዱም እንዲህ ያለ ልጅ የሚወልዱ አሉ፣ ተዛምደው ጤነኛ የሚወልዱ ሞልተዋል አልኩት። ሰማኝ፤ አልተቀበለኝም። እሱ የራሱን ስሌት ሠርቶ ጨርሷል። ውጤቱ የለበትም ቢል ቆጠራው ተሳስቷል ይባልና ወደ ሚስቱ ይመለሳል፤ አለበት ቢል ግን ደሙ ራሱ መሰከረበት ማለት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አያትየው አዎ እንዲመጣ ይሳላሉ፣ አባትየው የለም እንዲመጣ ይሳላል። ብዙዬ ምን እንደምትሳል ጠይቄያት አላውቅም። እኔም ለራሴ የምመኘው ነበረኝ፤ ስለዚህ በማንም ላይ መፍረድ አልቻልኩም።

ውጤቱ ሚያዝያ ላይ መጣ። ሦስት መስመር ነው። ኪዳን ሁለቱንም የተበላሸ ቅጂ ይዟል፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ፣ ስሕተቷ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ናት። ከእሱ በታች፣ ለጥናቱ የተፈቀደው የልጆች ቁጥር በመሙላቱ ቀጣዩ ዙር እስኪፈቀድ ድረስ በመጠባበቂያ እንደተመዘገበ ይላል። መቼ? ደወልኩ። አይታወቅም አለኝ ዶክተር ሙሐሲን። ከእኔ እጅ የወጣ ነው፣ የሚፈቅዱት ሌሎች ናቸው፣ በየሳምንቱ እየጠየቅሁ ነው አለኝ። አንጎል የሚከፍት ሰው እንደኛው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እትዬ ሐረግ ውጤቱን ስነግራቸው ተንበርክከው መሬት ሳሙ። መጠባበቂያ የሚለውን ቃል ደጋግሜ አስረዳኋቸው፤ ለእሳቸው ግን ልጁ ስሙ ተጽፏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪዳን እንዳይሞት መጠበቅ ሥራቸው ሆነ። ቆጠራውን ትተውታል፤ የሚመጣውን ሰው በብዙዬ ያስመልሱታል። ወተቱ እንዳያንቀው ጠብታ በጠብታ ያጠጡታል፤ ብርድ እንዳያገኘው ከሰል ያነዱና ጭሱ እንዳይጎዳው ደጁን ከፍተው ብርዱን ያስገቡታል። በየሳምንቱ ሐሙስ ጤና ጣቢያ መጥተው ደውሎ እንደሆነ ይጠይቁኛል። አልደወለም እላቸዋለሁ። በሦስተኛው ወር ላይ መምጣታቸውን በመስኮት አይቼ ወደ ጓዳ የገባሁበት ቀን አለ።

እንዳልካቸው ወደ ቤት አልተመለሰም። ወደ ወግዲ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ከደሞዙ ከፍሎ ይልካል፤ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ልጁን ደጅ ላይ አቅፎት ይቆያል፣ ወደ ውስጥ አይገባም። ብዙዬ በሩ ላይ ትቆማለች። ባልና ሚስት ነበሩ፤ አሁን ምን ተባብለው እንደሚጠራሩ ጠፍቷቸው በልጁ ስም ነው የሚነጋገሩት።

ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ኪዳን ትኩሳት ያዘው፤ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ወደ ሳንባው ገብቷል። መርፌውን እኔው ጀመርኩለት። ወደ ደሴ ልንልከው ብንል መንገዱ አቀስታ ላይ በጭቃ ተዘግቷል። አሕመድኑር እሞክራለሁ ብሎ ተነሥቶ ከመንገድ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ በአያቱ መዳፍ ላይ እንዳለ ሞተ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። እትዬ ሐረግ ራሱን አልለቅም ብለው፣ እጃቸውን ጣት በጣት ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

እንዳልካቸው በዚያ ጭቃ በእግሩ መጥቶ ቀብሩ ላይ ደረሰ። አማች ነውና ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ፤ ዘመድ ነውና ሁሉም ያቅፈው ነበር። ሲያለቅስ ሳየው እኔም የያዝኩትን ሁሉ ለቀቅሁት።

በሣልስቱ ቀን ዶክተር ሙሐሲን ደወለ። ቀድሜ መልእክት ትቼለት ነበር። እትዬ ሐረግ ድንኳኑ ውስጥ፣ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ማን እንደሆነ ከፊቴ አወቁ። እጄን ያዙኝ።

«አንዲት ነገር ጠይቂልኝ» አሉ። «ያን ቀን አዎ ብዬው ቢሆን ኖሮስ?»

ዝናብ ስለነበረ ወደ ድንኳኑ ዳር ወጥቼ ነው ያናገርኩት። ጥያቄያቸውን ቃል በቃል ነገርኩት። ያን ቀን አዎ ቢሉኝ ከሦስቱ ደም አንዱ የኪዳን ይሆን ነበር አለኝ። ደማቸው ከተወሰደው ከሦስቱ አንዷ ልጅ በሽታው ተገኝቶባት ለሕክምናው ሄዳለች፤ ከታከመች ዓመት ሊሆናት ነው፤ አሁን ሳትደገፍ ትቀመጣለች። ለእሳቸው ምን ልትነግሪያቸው እንደሚገባሽ አላውቅም፣ እኔ ቀድጄ መስፋት እንጂ ይህን አልተማርኩም አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። በሥራ ዘመኔ ስንቱን እናት እውነቱን ንገሪኝ፣ ካልነገርሽኝ ላክምሽ አልችልም ብዬ ተቆጥቻለሁ። እትዬ ሐረግንም አቀስታ ላይ በዚያው ቃል ነው የተቆጣኋቸው። ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ለውጥ አልነበረውም ብሏል» አልኳቸው። «ያን ቀን አዎ ቢሉትም ቦታው ቀድሞ ሞልቶ ነበር።»

«ማርያምን በዪ» አሉኝ።

ሴቶቹ ወደ እኛ ዞሩ። ብዙዬ ከወዲያ በኩል ቀና ብላ እያየችኝ ነው።

«ማርያምን» አልኩ።

እትዬ ሐረግ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሰው ሲመልስላቸው የትኛውን ስም ዘሎ እንዳለፈ ለማወቅ ስድሳ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። ከዚያ እጄን ቀስ ብለው ለቀቁት።

«አንቺም እኔን ሆንሽ» አሉኝና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።